ኤሊዋ በምን ትውጣ?

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት 55 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ ወረታ ይደርሳሉ። የደብረ ታቦርና የወልድያ መንገደኛ እዚያ ወደ ምሥራቅ ይገነጠላል። የእኛ ጉዞ ግን ከዘመድ ጥየቃ ጋር የተያያዘ ስለነበር ወደ ቁሐር ሚካኤል አቀናን።

የፎገራ ሜዳ በክረምት ሌላ፣ በበጋ ሌላ ነው። ርብና ጉማራ ሞልተው ሲወጡ ውኃው ሜዳው ላይ ይተኛል፤ ሩዝ የተስማማውም ለዚህ ነው። እኛ በጥር ስንደርስ የሩዙ ገለባ ተከምሮ፣ ማሳው ሽንኩርት ለብሶ ነበር። ዝንጉርጉሮቹ የፎገራ ላሞች ቃርሚያውን ይለቅማሉ። ዛፍ ጥቂት ስለሆነ ፀሐይን ከጠዋት እስከ ማታ የሚጋርዳት የለም።

አብራን የነበረችው የአሥር ዓመቷ የእህቴ ልጅ፣ ባሕር ዳር ግቢያቸው ውስጥ በሲሚንቶ ኩሬ የምታሳድጋት የውኃ ኤሊ አለቻት። ኤሊዋ ምግብ ቀንሳለች፤ የቅርፊቷ ጠርዝም በጣት ሲነካ መለመጥ ጀምሯል። ልጅቷ መንገዱን ሙሉ ያሰበችው ይህንኑ ነው መሰለኝ፣ ሽንኩርት የሚያጠጡበትን ፕላስቲክ የተነጠፈበት ኩሬ እንዳየች ባለማሳውን ጠየቀቻቸው።

“አባባ፣ ኤሊ እዚህ ብትገባ ትኖራለች?”

“መዋኘቱንስ ትዋኝ ልጄ፤ በምን ትወጣለች?”

እኔ ስለ ውኃው ጥራትና ስለ ምግቧ ሳስብ፣ ሰውየው ዋናውን ነገር ጠየቁ። የውኃ ኤሊ የገዛ አካሏ ሙቀት አይበቃትም፤ ከውኃው ወጥታ፣ ደረቅ ቦታ ላይ ተዘርግታ ፀሐይ መሞቅ አለባት። ሙቀቱ ምግቧን ያስፈጫታል፣ ቅርፊቷንም ያደርቅላታል። የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ ቆዳዋ ላይ ቪታሚን ዲ እንዲሠራ ያደርጋል። ያለዚያ ቪታሚን የበላችው ካልሲየም ወደ አጥንቷና ወደ ቅርፊቷ አይደርስም፤ ስለዚህ ቅርፊቱ ይለሰልሳል፣ ይጣመማል።

ቁሐር ላይ አንዲት አያት ጨቅላ የልጅ ልጃቸውን በጠዋት ፀሐይ ሲያሞቁ አይተናል። ሕፃናትን ከሪኬትስ የሚጠብቀው ያው ቪታሚን ነው።

የእህቴ ኩሬ ከማንጎ ዛፍ ሥር ነው፤ ግድግዳውም ቀጥ ያለ። ዝናብ ሲበዛ ደግሞ ኤሊዋን መስታወት ወደተገጠመለት በረንዳ ያስገቧታል። በረንዳው ይሞቃል፤ ግን ተፈላጊውን ጨረር የመስኮት መስታወት ያስቀረዋል። አውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን ለኤሊ ልዩ መብራት የሚገዙት ክረምታቸው ጨለማ ስለሆነ ነው። እኛ አገር፣ ለምድር ወገብ በቀረበና ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ባለ ቦታ፣ ለዚህ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም።

እርግጥ ፀሐይም ትገድላለች። ጥልቀት የሌለው የፕላስቲክ ገንዳ በመጋቢት እኩለ ቀን ቶሎ ይግላል፤ ማምለጫ ያጣች ኤሊ እዚያው ትቀራለች። ኩሬው ጠዋት ፀሐይ የሚያገኝ፣ ከፊሉ ጥላ፣ ውኃውም ጠለቅ ያለ ይሁን። ከውኃው የሚያወጣ ተዳፋት በድንጋይ መደርደር፣ ከላይም ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ማስቀመጥ በቂ ነው። እህቴም ይህንኑ አድርጋለች፤ ለተቆረጠው የማንጎ ቅርንጫፍ ግን እስካሁን ታዝናለች። ቅርፊቱ አንዴ ከለሰለሰ ግን ፀሐይ ብቻዋን አትበቃም፤ የእንስሳት ሐኪም ሊያያት፣ ምግቧም ሊስተካከል ይገባል። ትንንሽ ዓሣ ከነአጥንቱ ከዳቦ ፍርፋሪ በብዙ ይሻላታል።

አያቶች ሆይ፣ አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ጤነኛ የምትመስል ኤሊ እንኳ ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ልትይዝ ትችላለች። አሜሪካ ከ10 ሴንቲ ሜትር ያነሱ ኤሊዎች እንዳይሸጡ በ1975 እ.ኤ.አ. የከለከለችው ልጆች እየታመሙባት ነው። የልጅ ልጅዎ ኤሊዋንም ሆነ የኩሬውን ውኃ ከነካ በሳሙና ይታጠብ፤ የኩሬው ውኃም የወጥ ቤት ማጠቢያ ውስጥ አይደፋ።