ከ28 ጥንድ አንዱ
መቼም ቁጥር ሲናገር ዝም ብሎ መስማት ለምዶብናል። በሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ የሚኖር ወዳጄ የጥናት ጽሑፉን «ቋንቋውን እይልኝ» ብሎ ሰጠኝ። የአንድ ባንክ ደንበኞችን በስምንቱ ክፍለ ከተሞች መድቦ፣ እርካታቸውን ጥንድ ጥንድ እያደረገ አነጻጽሯል። ከጥንዶቹ ልዩነት የታየበት አንዱ ብቻ ነው። ድምዳሜው ግን «የአዲስ ከተማ ደንበኞች ከታቦሮቹ ያነሰ ረክተዋል፤ ስለዚህ ሠራተኞቹ ይገምገሙ» ይላል።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምርም ተማሪዎቼን የማስጨንቃቸው በዚህችው «ስለዚህ» ነበር። ስምንት ቡድን 28 ጥንድ ይወጣዋል። በተለመደው የ5 በመቶ ገደብ፣ በከተማው አንዳችም ልዩነት ባይኖር እንኳ፣ በአማካይ 1.4 ጥንድ በአጋጣሚ ብቻ «የተለየ» ሆኖ ይታያል። 28 ጊዜ ድንጋይ ወርውሮ አንድ ማንጎ ያወረደ ልጅ አነጣጣሪ ይባላል እንዴ?

የሙያው ሰዎች መላ አላቸው። በጣሊያናዊው ቦንፌሮኒ ስም የሚጠራው ዘዴ 5 በመቶውን ለ28 ያካፍላል፤ ወንፊቱ ወደ 0.18 በመቶ ይጠብባል። የወዳጄ ጥንድ በዚያ አላለፈም። ይህም ቢሆን «ልዩነት የለም» ማለት ሳይሆን «ማስረጃው አልበቃም» ማለት ነው።

ነገሩ የምሁራን ክርክር ብቻ እንዳይመስላችሁ። «ይገምገሙ» የተባለው በመስኮቱ ጀርባ ተቀምጣ ገንዘብ የምትቆጥረዋን ልጅ ነው።