ከመድረኩ በፊት

ኮንሰርት ሲከሽፍ ታዳሚው ጣቱን የሚቀስረው ፊቱ ወደቆመው ዘፋኝ ነው። እኔ ግን ክፉ ምሽት አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው አስቀድሞ፣ ከመድረክ ጀርባ ነው እላለሁ። ዘፋኟ ኤሚ ዋይንሃውስ እ.ኤ.አ. ጁን 18 ቀን 2011 ቤልግሬድ ላይ 20 ሺህ ያህል ሕዝብ ፊት ስትቀርብ መቆም እንኳ እያቃታት ነበር። ግጥሟ ይጠፋባታል፤ ትንገዳገዳለች፤ ባንዱ ይጫወታል፣ እሷ የለችም። ሕዝቡ በጩኸት አዋረዳት። ቀሪው የአውሮፓ ጉዞ ተሰረዘ፤ ከኮንሰርቱ በ35ኛው ቀን፣ ገና በ27 ዓመቷ፣ አልኮል ገደላት። ያን ምሽት ሳስብ ከታዳሚው ቅሬታ ይልቅ የሚያመኝ፣ በዚያ ሁኔታ ላለች ሴት ማይክሮፎን መሰጠቱ ነው።

«ትኬት የገዛው ሰው ምን በወጣው?» ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ ገንዘቡን ከፍሏል፣ መንገድ ተጉዟል፣ መናደድ መብቱ ነው። እውነተኛ ባለሙያ ችግርን ይወጣዋል የሚሉም አሉ፤ ፒያኖ ተጫዋቹን ኪዝ ጃሬትን ይጠቅሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1975 ጀርመን፣ ኮሎኝ ላይ የቀረበለት ፒያኖ ትንሽና የተበላሸ ነበር፤ እሱም ደክሞት፣ ጀርባውን እያመመው ተጫወተ፤ ቅጂው ዓለም የወደደው ሆነ። ነገር ግን ጃሬት መጀመሪያ አልጫወትም ብሎ ነበር፤ ተለምኖ ቢሆንም በሙሉ አእምሮው የወሰነው ራሱ ነው። የተበላሸ ፒያኖ ዘዴ ይፈለግለታል፤ የታመመ ሰው ግን እረፍት ነው የሚያስፈልገው። ቤልግሬድ ላይ ዝግጅቱን በመጨረሻው ሰዓት መሰረዝ፣ ገንዘቡንም መመለስ ይቻል ነበር። ያኔ ጩኸቱ ቢነሳ እንኳ የሚደርሰው ለአዘጋጆቹ ነበር።