ጥፋተኛ የሌለበት ጉድለት

አዲስ ነገር ከአሮጌ ጋር ተጣምሮ ሥራ እምቢ ሲል ፍርዱ ከምርመራው ይቀድማል። ጥፋተኛው አሮጌው ነው። በቤተሰብም፣ በመሥሪያ ቤትም፣ በጸሐፍት መንደርም ልማዱ ይኸው ነው፤ መግባባት በጠፋ ጊዜ ጣት ሁሉ የሚቀሰረው ዕድሜ ወደ ተጫነው ነው። ይህን ፍርድ እንድጠራጠር ያደረገኝ ግን የሽማግሌ ምክር ወይም ያነበብሁት መጽሐፍ አይደለም። እኅቴ የምትሠራበት አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነው።

ኮምፒውተሩ ለቢሮ ሥራ ታስቦ እ.ኤ.አ. በ2011 የተሠራ ነው። ሁለተኛው ትውልድ የሚባለው የኢንቴል ኮር አይ5 ፕሮሰሰርና 8 ጊጋባይት ራም አለው። ደብዳቤ ለመጻፍ፣ ሰንጠረዥ ለመሥራት፣ የእኔንም ግጥሞች ለማኖር አንሶ አያውቅም። እኅቴ የሥነ ሕንፃ ትምህርቷ የመጨረሻ ዓመት ላይ ስትደርስ ግን ሌላ ሸክም መጣበት። የመመረቂያ ሥራዋ የሆነውን ሕንፃ በሁሉም ገጽ እያዞረች ማሳየት፣ ብርሃኑንና ጥላውን ማውጣት ነበረባት። ይህ እጅግ ብዙ ነጥቦችን በአንድ ጊዜ ማስላት ስለሚጠይቅ፣ ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራው ትንሽ የምስል ክፍል አልቻለውም። ሶፍትዌሩ ሕንፃውን እስከ ግማሽ ይሥልና ደርቆ ይቀራል። ስለዚህ ከደመወዜ ለወራት ያጠራቀምሁትን አውጥቼ አዲስ ግራፊክስ ካርድ ገዛሁላት። በደረሰኙ ግርጌ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማኅተም ነበረበት።

ካርዱ ገባ፤ ማራገቢያው ዞረ፤ የማሽኑ መብራት በራ። ሞኒተሩ ግን እንደ ጠቆረ ቀረ። ካርዱን ስናወጣው ኮምፒውተሩ እንደ ወትሮው ይነሣል፤ ስንመልሰው ይጨልማል። የወሰድንለት ጠጋኝ ክዳኑን ከፍቶ አንድ ጊዜ ተመለከተና «ይሄ ለሙዚየም ነው፤ አዲስ ማሽን ግዙ» ብሎ መልሶ ዘጋው። እኅቴ በመንገድ ላይ ብዙ አልተናገረችም። ቤት ስንደርስ «ጋሼ፣ ተወው፤ በእጄ እሥለዋለሁ» አለችኝ። ሥራዋን ለማስረከብ የቀራት ሦስት ሳምንት ነበር። በእጅ ተሥሎ እንደማያልቅ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ያን ያለችው ስላወጣሁት ገንዘብ እንዳላዝን ነው።

ባንክ ውስጥ የሚሠራ ሰው አንድ ነገር ይማራል። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ጥሬ ገንዘቡና መዝገቡ ካልተስማሙ፣ በገንዘብ ከፋዩ ፊት ላይ አይፈረድም። ሰነዶቹ አንድ በአንድ ይነሣሉ፤ ከመዝገቡ ጋር ይመሳከራሉ፤ የተስማማው ምልክት ተደርጎበት ወደ ጎን ይቀመጣል። የጎደለው ቁጥር በመጨረሻ ከተረፉት ጥቂት ወረቀቶች መካከል ይገኛል። ቁም ነገሩ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መንካት ነው፤ ሁለት ነገር አንድ ላይ የለወጠ ሰው፣ ነገሩ ቢቃናለት እንኳ በየትኛው እንደ ተቃና አያውቅም። ኮምፒውተሩንም በዚሁ ደንብ ልንመረምረው ተስማማን። እኅቴ የተጠርጣሪዎቹን ስም በአንድ ወረቀት ላይ ጻፈች።

መጀመሪያ የተነሣው ሞኒተሩ ነው። የእኛ ሞኒተር የሚቀበለው ቪጂኤ የሚባለውን፣ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣውን የመሰኪያ ዓይነት ብቻ ነው። አዲሱ ካርድ ያለው ደግሞ ኤችዲኤምአይና ዲስፕሌይ ፖርት ስለሆነ በመካከል መለወጫ ገብቶ ነበር። መለወጫውን አስወግደን የቤታችንን ቴሌቪዥን በኤችዲኤምአይ አገናኘነው፤ ጨለማው አልተገፈፈም። ሞኒተሩም መለወጫውም ነጻ ወጡ።

ቀጥሎ የኤሌክትሪክ ኃይሉ ተነሣ። ካርዱ የሚሰካበት የፒሲአይ ኤክስፕረስ ማስገቢያ ለካርድ የሚሰጠው ቢበዛ 75 ዋት ነው። የእኛ ካርድ ተጨማሪ የኃይል ኬብል የማይጠይቅ ዓይነት ስለሆነ የሚያገኘው ሁሉ ከዚያው ማስገቢያ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ላይ የተጻፈው 300 ዋት ሲሆን ፕሮሰሰሩ ወደ 95 ዋት ይፈልጋል፤ በስሌቱ ይበቃል። ነገር ግን ያረጀ ፓወር ሰፕላይ ሁልጊዜ የተጻፈበትን ያህል አይሰጥምና ከጓደኛዬ አዲስ ተውሰን ሞከርነው። አሁንም ጨለማ ነው።

በሦስተኛው ቀን ሁለቱን ዋና ተከሳሾች ለያየናቸው። አዲሱን ካርድ በአንድ የሥራ ባልደረባዬ ኮምፒውተር ላይ ሰካነው፤ ወዲያው ሠራ። በአሮጌው ማሽን ላይ ደግሞ የዕድሜ እኩያው የሆነ፣ ባልደረባዬ አውልቆ ያስቀመጠው ካርድ ገባበት፤ ምስሉ ፏ ብሎ ወጣ። እኅቴ በወረቀቷ ላይ ከሁለቱም ስም ጎን ምልክት አደረገች። አዲሱ ጤነኛ ነው፤ አሮጌውም ጤነኛ ነው። ለጉድለቱ የቀረው ማደሪያ አንድ ብቻ ሆነ፤ እርሱም የሁለቱ መካከል ነው።

ኮምፒውተር ሲበራ፣ ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት፣ ማዘርቦርዱ ከየክፍሉ ጋር ሰላምታ ይለዋወጣል። የድሮው ሰላምታ ባዮስ ይባላል፤ ሥርዐቱ እ.ኤ.አ. በ1981 ከወጣው ከአይቢኤም ፒሲ የወረደ ነው። አዲሱ ዩኢኤፍአይ ይባላል፤ የሚያስተዳድረው መድረክ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ግራፊክስ ካርድም ሰላምታውን የሚመልስበት የራሱ አጭር ፕሮግራም በውስጡ አለው። ብዙ ካርዶች ለረዥም ጊዜ ሁለቱንም ቋንቋ ይዘው ይወጡ ነበር፤ ከቅርብ ዓመታቱ አንዳንዶቹ ግን አዲሱን ብቻ ይዘዋል። የእኛ ማዘርቦርድ በድሮው ቋንቋ ይጣራል፤ ካርዱ በአዲሱ እስኪጠራ ይጠብቃል። ጠሪው ያልተመለሰለት፣ ተጠሪው ያልሰማው በዚህ ምክንያት ነው።

የማዘርቦርዱ አምራች እ.ኤ.አ. በ2012 አዲሱን ቋንቋ የሚጨምርለት ማሻሻያ አውጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዓመታት ሁሉ ማንም አልጫነለትም። መጫኑ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ አደጋው ግን ከባድ ነው። በእነዚያ ደቂቃዎች መካከል መብራት ቢጠፋ ጽሑፉ በግማሽ ይቋረጥና ማዘርቦርዱ ዳግመኛ ላይነሣ ይችላል። በእኛ ሰፈር ደግሞ መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት የሚያውቅ የለም። ከጎረቤት ዩፒኤስ ተዋስን፤ ባትሪው ምን ያህል እንደሚቆይ ቀን ላይ ሶኬቱን ነቅለን ለካን። የእኅቴን ሥራና የእኔን ግጥሞች በሁለት ፍላሽ ገለበጥን። ካርዱን አውጥተን፣ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ጀመርን። ቁጥሩ ከመቶ ሃያ፣ ከመቶ ሠላሳ እያለ ሲወጣ እኔ ሞኒተሩን ስመለከት፣ እኅቴ ዓይኗን ከጣራው አምፖል ላይ አላነሣችም።

መብራቱ አልጠፋም። የቀረው ዲስኩ ነበር፤ የድሮው ሥርዐት ዲስኩን የሚከፋፍልበት መንገድ ለአዲሱ አይመቸውም። ዊንዶውስ 10 ከእ.ኤ.አ. 2017 ጀምሮ ይዞት የመጣው «ኤምቢአር ቱ ጂፒቲ» የተባለ መሣሪያ ፋይሎቹን ሳይሰርዝ አከፋፈሉን ለወጠልን። ማሽኑ በዩኢኤፍአይ እንዲነሣ አድርገን አጠፋነው፤ ካርዱን መልሰን ሰካነው። ሲበራ የቴሌቪዥኑ ጥቁር ገጽ ጥቂት ቆየና ብርሃን ሆነ። እኅቴ ምንም ሳትል ወንበሯን ሳበችና ሕንፃዋን ከፈተች። ደረጃው፣ በረንዳው፣ ከሰዓት በኋላ በግድግዳው ላይ የሚያርፈው ጥላ፣ ሁሉም በእጇ ሥር ይዞር ጀመር። በቀኑ አስረከበች።

አሮጌው እንደ አዲስ ሆነ አልልም። ማስገቢያው የሁለተኛው ትውልድ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ስለሆነ ከሦስተኛው የሚያስተላልፈው ግማሽ ያህሉን ነው፤ የመጨረሻዎቹ ምስሎችም አንድ ሙሉ ሌሊት ፈጅተዋል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11ም በዚህ ዕድሜ ያለ ፕሮሰሰርን በይፋ አይቀበልም። ስለዚህ ማሽኑን ከኢንተርኔት ለይተን ለሥዕል ብቻ እናውለዋለን። ዕድሜ ዕዳ አለው፤ መካድ አይገባም። ነገር ግን የማሽኑ ዕዳ ይህ ነበር እንጂ የተፈረደበት አልነበረም።

በተባበሩት መንግሥታት ሪፖርት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ተጥሏል፤ በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ ለመዋሉ መዝገብ ያለው ከሩብ ያንሳል። ከዚያ ክምር ውስጥ ስንቱ በእውነት ሞቶ፣ ስንቱስ የሚያናግረው አጥቶ እንደ ተጣለ አስባለሁ። ስለ ዕቃ ብቻም አላስብም። በመስኮቴ ፊት ቆመው ቅጹ አልገባ ስላላቸው ብቻ እንደማያውቁ የሚቆጠሩ አረጋውያን በየቀኑ ይመጣሉ። ቅጹን በሚያውቁት ቃል ስነግራቸው ከእኔ ቀድመው ይጨርሱታል።

በዚያው በማይመለሰው ዕቃ ደረሰኝ ጀርባ ይህችን ጻፍሁ፦

ያረጀው ዝም ቢልም ደነቆረ አትበሉ፤
ምናልባት ጎድሎት ነው የሚገባው ቃሉ።