አረሩ ባሩዱን እስኪነካ

ጥይት በአገራችን ገንዘብ የነበረበት ዘመን ነበር። በፈረንጅ አቆጣጠር በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በሃያኛው መባቻ፣ ገበያተኛው በአሞሌ ጨውና በማርያ ቴሬዛ ብር ብቻ አልነበረም የሚገበያየው፤ ጥይትም እየቆጠረ ይሰጥና ይቀበል ነበር። ከዚያ ሁሉ ጥይት ስሙ የገነነው የውጅግራ ነው። ውጅግራ የምንለው «ፉዚ ግራ» የሚለውን ፈረንሳይኛ በራሳችን አፍ አላምጠን ነው። ፈረንሳይ በ1874 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ባለ 11 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ ነበር። በ1886 ሌበል የተባለውን ስታወጣ አሮጌው ውጅግራ ለሽያጭ ቀረበ፤ ብዙውም በነጋዴ እጅ ወደኛ ፈሰሰ። በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ከዘመቱት ጠመንጃዎች አንዱ እሱ ነው።

እንግዲህ ገንዘብ የሆነን ነገር ማን ይጥላል? ተተኩሶ የወደቀው ቀለህ ይለቀማል፣ ቤት ይገባል፣ ባሩድ ተሞልቶ አረር ይደረግበትና ዳግመኛ ዝናር ላይ ይሰለፋል። ይህ ሥራ በደምቢያም ነበር። በኮላ ድባ፣ አባታቸው ሲሞሉ በልጅነት ዓይናቸው ያዩ አንድ አዛውንት አሉ፤ ለዕረፍት ወደ አገር ቤት በወረድን ቁጥር ቡና እየጠጣን እንጠይቃቸዋለን፤ እርሳቸውም አይሰለቹም።

«እናንተ ልጆች» ይሉናል፤ «ባሩዱንስ ማንም ይሞላዋል። ጭንቁ አረሩን ማስቀመጥ ነው።»

ጭንቁ ሦስት ነው። አንደኛው መላላት ነው። ቀለህ ሲተኮስ ናሱ ይሰፋል፤ አፉም ስለሚሰፋ አዲሱ አረር ውስጡ ይዋልላል። አባታቸው አረሩን በስስ ወረቀት ይጠቀልሉት ነበር። ይህ የድኻ ዘዴ እንዳይመስላችሁ፤ የውጅግራ አረር ከፋብሪካም ሲወጣ ወረቀት ተጠቅልሎበት ነው። ታዲያ ወረቀቱ ከወፈረ ጥይቱ ጠመንጃው ውስጥ አልገባም ይላል። ሁለተኛው መጣመም ነው። የቀለሁ አፍ ሸካራ ጠርዝ ካለው ለስላሳውን እርሳስ በአንድ ወገን ይልጠዋል፤ አረሩም ዘሞ ይቀመጣል። መድኃኒቱ አፉን ማለስለስና አረሩን ሰም ማስነካት ነው። ሦስተኛው ርዝመት ነው። አረሩ ብዙ ወደ ውጭ ከቀረ አፍንጫው አፈሙዝ ውስጥ ካለው ጥምዝምዝ ጋር ይነክሳል። ሳይተኮስ ላውጣው ሲሉ ቀለሁ ብቻውን ይመለሳል፣ አረሩ እዚያው ይቀራል፣ ባሩዱም ይበተናል። ጠላት ፊት ለፊት ቆሞ ይህ ሲሆን ይታያችሁ!

ታዲያ እስከ የት ይገፋ? መልሳቸው አጭር ነው፤ «አረሩ ባሩዱን እስኪነካ።»

ይህን ቃል ወደ ዩኒቨርሲቲ ይዘነው መጥተን መረመርነው። የአዛውንቱ አባት ፊዚክስ አልተማሩም፤ ነገር ግን ትክክል ነበሩ። የውጅግራ ባሩድ ጥቁር ባሩድ ነው፤ አምስት ግራም ከሩብ ገደማው 25 ግራም የሚመዝን እርሳስ ያስወነጭፋል። በጥቁር ባሩድና በአረሩ መካከል ባዶ ቦታ ከቀረ፣ ነበልባሉ ባዶውን ተንደርድሮ አረሩን እንደ መዶሻ ይመታዋል፤ የጠመንጃው ብረት እዚያ ላይ ሊያብጥ፣ ሲብስም ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ አረሩ ባሩዱ ላይ መቀመጥ አለበት። ሕጉ የተገኘው ባበጠ ብረትና በተቃጠለ ፊት ይመስለናል፤ ያለ መጽሐፍ የተገኘ ዕውቀት ዋጋው እንዲህ ነው።

እዚህ ድረስ ደስ የሚል ወግ ነው። ወጉ የተበላሸብን የሰፈራችን ልጆች የክላሽ ቀለህ በቆርቆሮ ሞልተው ይዘውልን የመጡ ዕለት ነው። «እናንተ ተምራችኋል፤ ልኩን ንገሩን። አባቶቻችን ይሞሉ አልነበር?» አሉ። ጥይት ውድ ነው፤ ሌሊቱ ረጅም ነው፤ ዘመኑም የሰላም ዘመን አይደለም። የጠየቁን በቀልድ አልነበረም፣ እኛም በቀልድ ልንመልስላቸው አልቻልንም። እንቢ አልናቸው። ከፉብን፤ ትምህርት አኮራቸው ተባልን። ምክንያቱን እዚህ የምንጽፈው ሌላውም የገጠር ልጅ ይኸው ጥያቄ እንደሚጠብቀው ስለምናውቅ ነው።

ፖል ቪዬይ የተባለ ፈረንሳዊ በ1884 እ.ኤ.አ. ጭስ አልባውን ባሩድ ሠራ፤ ሌበልም የተሠራው ለዚያ ባሩድ ነው። ይህ ባሩድ ጠባዩ ሌላ ነው። ግፊቱ በጨመረ ቁጥር ፈጥኖ ይነዳል፤ ፈጥኖ በነደደ ቁጥር ግፊቱ ይጨምራል። አረሩ ከልኩ አልፎ ወደ ውስጥ ከተገፋ ባሩዱ የሚነድበት ቦታ ይጠባል፤ ያን ጊዜ ግፊቱ ሽቅብ ይወረወራል። የክላሽ ጥይት በልኩ ሲሠራ እንኳ የሚሸከመው ግፊት ከከባቢ አየር 3,500 እጥፍ ገደማ ነው። ጥይቱ ከነአረሩ 56 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ያ ርዝመት ለውበት የተቀመጠ አይደለም። በውጅግራ ዕድሜ የሚያተርፈው «እስኪነካ ግፋው» የሚለው ምክር፣ በክላሽ ዓይን የሚያጠፋ ምክር ይሆናል። ደግሞም የክላሽ ቀለህ አብዛኛው ብረት ነው። እንደ ናስ ተለስልሶ አረሩን ዳግመኛ አጥብቆ አይዝም፤ ያልተያዘ አረር ደግሞ በትንሽ ግጭት ወደ ውስጥ ይሰምጣል።

አንድ ነገር እንጨምር፤ ይህ ለማይሞላውም ይሆናል። አዝመራ ጠባቂው ማታ ጠመንጃውን ያጎርሳል፣ ጧት ያወጣል፤ ያችኑ ጥይት ማታ ይመልሳታል። አረሯ በገባች ቁጥር አፍንጫዋ ከብረት ጋር ስለሚላተም፣ ከፋብሪካ ተጣብቃ የመጣችውም ብትሆን ቀስ በቀስ ልትሰምጥ ትችላለች። ካልተነካች ጥይት ጎን አቁሞ ማየት ነው። ካጠረች፣ ወይም አረሯ በጣት ስትነካ ከዞረች፣ አትተኮስም። እስቲ ላውጣት ብሎ መጎተት፣ መቀጥቀጥም የለም።

ሕጉም አለ፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012። ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ ሥራ ውስጥ መግባት ያስጠይቃል። ግን እውነቱን እንናገር፤ ኮላ ድባ ላይ አዋጅ ጠቅሰን ማንንም አላሳመንንም። ትንሽ ጆሮ ያስገኘልን የአዛውንቱ ቃል ነው። ልጆቹን ይዘን ሄድንና ነገሩን ዘርዝረን ነገርናቸው። ዝም ብለው ሰሙ፤ ሲኒያቸውን አስቀመጡ፤ ከዚያ ልጆቹን ገላመጧቸው።

«እኔ የነገርኋችሁ ስለ ውጅግራ ነው። ስለ ክላሽ ማን ጠየቀኝ?»

ልጆቹ ቆርቆሯቸውን ይዘው ወጡ። ቀለሁን ይጣሉት፣ ያስቀምጡት አላወቅንም። እኛ ግን የሽማግሌ ቃል በደብተር በጻፍን ቁጥር ከቃሉ አጠገብ ሁለት ነገር ማስፈር ጀምረናል፤ ቃሉ ለየትኛው ዕቃ እንደተነገረና ምክንያቱ ምን እንደሆነ። እናንተም ለዕረፍት ስትወርዱ እንዲሁ ብታደርጉ፣ ቢያንስ ያንድ ልጅ ጣት ይተርፍ ይሆናል።