የወንድሜ ኮምፒውተርና አንድ ሊትር ውሃ

አሬሮ ያለው ቤታችን ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ሲሆን ታላቅ ወንድሜ የሰው ማመልከቻ የሚጽፍባት ኮምፒውተር ቀጥ ትላለች። መብራት አልጠፋ፣ ገመድ አልተነቀለ፣ ዝም ብላ ትጠፋለች። ግማሽ ሰዓት ካረፈች በኋላ እንደገና ትነሳለች። እኔ ያኔ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩና ምክንያቱ አልጠፋኝም፤ ፕሮሰሰሩ ከልክ በላይ ሲግል እንዳይቃጠል ማሽኗ ራሷን ታጠፋለች።

መፍትሔው የውሃ ማቀዝቀዣ ነው ብዬ ደመደምኩ። እውነቱን ለመናገር ቱቦውና መብራቱ ማማሩም ስቦኛል። ወንድሜ ካጠራቀመው ገንዘብ ላከልኝና አዲስ አበባ ያገለገለ ኪት ገዝቼ ለእረፍት ይዤ ሄድኩ።

እናቴ “ውሃ? ለማሽን?” አለች። አልፈርድባትም። ቦረና ውስጥ ቱላ ከሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች ውሃ የሚወጣው ሰው ከሰው በላይ ቆሞ፣ እየዘፈነ፣ ባልዲ እየተቀባበለ ነው። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ዝናብ ጠፍቶ ከብቱ ሲያልቅ ደግሞ ሁላችንም ነበርን። ውሃው አያልቅም፣ ያው አንድ ሊትር የማይሞላ ውሃ በቱቦ ውስጥ ይዞራል ብዬ አስረዳኋት። “አንድ ሊትርም ውሃ ነው” ብላ ቀዳችልኝ።

አሠራሩ ከአይሱዙ ሞተር ብዙም አይለይም። ፕሮሰሰሩ ላይ የተለጠፈው የብረት ብሎክ ሙቀቱን ለውሃው ይሰጣል፣ ፓምፑ ውሃውን ወደ ራዲያተር ይገፋል፣ ፋኑ ደግሞ ሙቀቱን ወደ ክፍሉ ይተፋዋል። ውሃ ለዚህ ጎበዝ ነው፦ አንድ ኪሎ ውሃ በ1 ዲግሪ ለመሞቅ 4 ሺህ 200 ጁል ያህል ሲፈልግ፣ አንድ ኪሎ አየር 1 ሺህ ገደማ ይበቃዋል።

እኔ ያልገባኝ ሌላው ነገር ነበር። ውሃው ሙቀቱን ያጓጉዛል እንጂ አያጠፋውም። ክፍሉ 35 ዲግሪ ከሆነ ውሃው ከ35 በታች አይወርድም። እንስራ ውስጥ ያለ ውሃ የሚቀዘቅዘው በሸክላው ላብ ሆኖ ወጥቶ ስለሚተን ነው፤ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ግን ምን ይተናል? እንግዲህ ቆርቆሮው ሥር ያለውን ሙቀት ራዲያተሩ የት ሊወስደው ነው?

ሁለተኛው ጥፋቴ የጀሪካኑን ውሃ እንዳለ መጨመሬ ነው። ብሎኩ መዳብ፣ ራዲያተሩ አሉሚኒየም ነበር። ማዕድን ያለበት ውሃ ሁለቱን ሲያገናኛቸው አሉሚኒየሙ ይበላል። ውሃው ትንሽ ሲጎድል ወንድሜም ከዚያው ጀሪካን ይጨምር ነበር፤ ምን ያድርግ፣ እኔ ነኝ እንዲህ አድርግ ያልኩት።

በአራተኛው ወር፣ ከገጠር የመጣ አንድ ሰውዬ ማመልከቻ እያስጻፈ ሳለ ማሽኗ ሞተች። ሴቭ አልተደረገም። ሰውየው እስኪመሽ ጠብቆ ወረቀቶቹን አጥፎ ሄደ። በማግስቱ በእጅ አስጽፎ ሲወስደው ቀኑ አልፏል ተባለ። ወንድሜ ይህን በስልክ ሲነግረኝ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ሄጄ ብሎኩን ስፈታው፣ ውሃው የሚያልፍባቸው ቀጫጭን መስመሮች በነጭና በአረንጓዴ ጭቃ ተደፍነዋል። ከዚያ ከአልጋ ሥር የጣልኩትን የድሮውን ፋን አወጣሁ። በብረት ክንፎቹ መካከል የአካባቢያችን ቀይ አቧራ እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፎበታል። ለካ ከመጀመሪያውም አየር አያልፍም ነበር! ፕሮሰሰሩ ላይ የነበረው ቴርማል ፔስትም ጠመኔ ሆኗል። በቀለም ብሩሽ ጠራረግኩት፣ የድሮውን ፔስት በአልኮል አጽድቼ የአተር ፍሬ የምታህል አዲስ አደረግኩ፣ ኬዙን ከመሬት አንስቼ ከግድግዳው አራቅኩት። በቃ። ማሽኗ ስምንት ሰዓት ላይ መጥፋቷን ተወች።

ይህን እያነበባችሁ “እኔ ግን እሞክረዋለሁ” የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። መጀመሪያ አቧራውን ጥረጉ። ካልሆነላችሁ ራዲያተሩና ብሎኩ ከአንድ ዓይነት ብረት መሠራታቸውን ጠይቁ። ውሃው ጋራዥ ባትሪ ላይ የሚጨመረው ዲስቲልድ ይሁን፤ አሲዱን እንዳታመጡ። ውሃውን ከሞላችሁ በኋላ ማዘርቦርዱን ሳታበሩ ፓምፑን ብቻ 24 ሰዓት አዙሩት፣ ከየመገጣጠሚያው ሥርም ነጭ ሶፍት አንጥፉ። ጠብታ ካለ ሶፍቱ ይነግራችኋል። ፓምፑ እየዞረ መሆኑንም አልፎ አልፎ በእጃችሁ ዳስሱት። ፋን ቢቆም ብረቱ ትንሽ ጊዜ ይሰጣችኋል፤ ፓምፕ ሲቆም ግን ብሎኩ ውስጥ ያለችው ጥቂት ውሃ ቶሎ ትግላለች።

የኪቱን ገንዘብ ለወንድሜ ገና እየከፈልኩ ነው።