ድልድያቸውን ሰብረው እዚያው የቀሩት

ስለ አርበኞቻችን ሲወራ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ስለ ጦር ሜዳው ነው፦ ምሽግ ስለሰበረው፣ መትረየስ ስለማረከው። እኔ ዛሬ የማነሳው የገዛ ድልድያቸውን ስላፈረሱት ነው።

ሞጣ አካባቢ ዓባይ ላይ ሰባራ ድልድይ አለ። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ፋሲል ዘመን፣ በድንጋይና በኖራ የተሠራ ነው። ጎጃምንና በጌምድርን ሲያገናኝ ከ250 ዓመት በላይ ኖሯል። ነጋዴው፣ ሙሽራው፣ ለቅሶ ደራሹ ሁሉ በእሱ ላይ ነው የተመላለሰው። ጣሊያን አገሩን ሲወር ግን የአካባቢው አርበኞች ጠላት እንዳይሻገርበት አንዱን ቅስት አፈረሱት።

የድንጋይ ቅስት የሚቆመው ድንጋዮቹ እርስ በርስ ተገፋፍተውና ተደጋግፈው ነው። ጭነት ሲበዛበት ይብሱን ይጠብቃል። ከአናቱ ያለው ድንጋይ ከወጣ ግን ግራና ቀኙ የሚደገፍበት ያጣል፤ ተከታትሎ ይወርዳል። ለጦር ስልት ይኼ በቂ ነው። ድልድዩን በሙሉ መናድ አያስፈልግም፤ መትረየስ የጫነ በቅሎ የማይዘለው ክፍተት ከተገኘ ዓባይ ራሱ ምሽግ ይሆናል።

በመጋቢት መጨረሻ 1933 ዓ.ም. ጣሊያኖችም ድልድይ ሰብረዋል። ኮሎኔል ማራቬንታኖ ጦሩን ይዞ ከደብረ ማርቆስ ሲያፈገፍግ ሰፈርታክ ላይ ዓባይን ተሻገረና ድልድዩን ከኋላው አፍርሶት ሄደ። ሁለቱም ሥራ በወታደር ዓይን አንድ ነው። ለእኔ ግን ፈጽሞ አንድ አይደለም። ማራቬንታኖ የሰበረው ዳግም የማይመለስበትን መንገድ ነው። የሞጣና የማዶው ሰው ግን የሰበረው በማግስቱ ራሱ የሚፈልገውን ነው፤ ገበያው ከማዶ፣ ዘመዱ ከማዶ፣ ሐኪም ቤት ካለም ከማዶ።

ጠላት ወጣ፤ ክፍተቱ ቀረ። ወንዶች በሁለቱ ስባሪ ጫፎች ላይ ቆመው ገመድ ይወጥራሉ። ተሻጋሪው ገመዱን ወገቡ ላይ ያስራል፤ ከዚህኛው ወገን ቀስ እያሉ ይለቁለታል፣ ከዚያኛው ይጎትቱታል። መሐል ላይ ሲደርስ ከእግሩ በታች ገደልና ውኃ ብቻ ነው። ነጻነት በተመለሰ በ60 ዓመት ገደማ እንኳ ሰው እንዲህ ነበር የሚሻገረው።

የሰፈርታኩ መኪና የሚያልፍበት ነውና ብዙ ሳይቆይ ተተካ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ በጃፓን ድጋፍ የህዳሴ ድልድይ ተጨመረለት። የገበሬውን ድልድይ ማን አስታወሰው? ኬን ፍራንትዝ የሚባል አሜሪካዊ፣ ያውም መጽሔት ላይ የወጣ ፎቶ አይቶ። በገመድ የሚጎተተውን ሰው ምስል አየ፤ «ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ» የተባለውን ድርጅት አቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ክፍተቱ ላይ ብረት ተጋደመበት። በ2005 ጎርፍ ጠርጎ ወሰደው፤ በ2009 በአቅራቢያው ከውኃው ከፍ ያለ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። ሰውየውን አመሰግናለሁ፣ ከልቤ። ግን ያንገበግበኛል። እነዚያ ሰዎች መንገዳቸውን የሰጡት ለአገር ነበር፤ አገር ግን ያንን ዕዳ ሳይከፍል ሦስት መንግሥት አለፈ። የድል ቀን በየዓመቱ ሲከበር የልጅ ልጆቻቸው በገመድ ነበር የሚሻገሩት።

የሞጣ፣ የእስቴ፣ የአንዳቤት ልጆች ይኼን ካነበባችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በገመድ የተሻገሩ ወይም ገመዱን ይዘው ሰው ያሻገሩ እናትና አባቶች በየቤታችሁ አሉ። ስልካችሁን አውጡና ድምፃቸውን ቅረጹ። ቅስቱን ያፈረሱት እነማን እንደነበሩም ጠይቁልኝ፤ የማን አባት፣ የማን አያት፣ በስማቸው።