ሀሎ ማለት አለ ማለት ነው

ቴሌፎን የሚሉት መሣሪያ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው። ከሐረር እስከ አዲስ አበባ የተዘረጋው ሽቦ 477 ኪሎ ሜትር ሲሆን፥ ሥራው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1894 እንደ ተዠመረ ተጽፏል። በዚያን ጊዜ ሰው በሌለበት የሰው ድምፅ ቢሰማ፥ ይህስ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ያጕረመረሙ ካህናት እንደ ነበሩ ሲነገር ሰምተናል። እኛም ከቤተ ክህነት ትምህርት የወጣን ስለ ሆነ በእነዚያ አባቶች ለመሣቅ አንቸኵልም። በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ስንሠራ ብዙ ዓመት ሁኖናል፤ ዛሬም ቢሆን በጠረጴዛችን ላይ ያለው ስልክ ሲጮኽ፥ የአባቶች ጥርጣሬ ጥቂቱ በልባችን ይነሣል።

ነገሩ የሚዠምረው ከመዠመሪያው ቃል ነው። ስልክ የሚያነሣ ሰው ሁሉ «ሀሎ» ይላል። የቴሌፎንን ፈቃድ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1876 የተቀበለው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ሰዎች በስልክ ሲጠራሩ እንደ መርከበኞች «አሆይ» ቢሉ ይወድ ነበር፤ ነገር ግን ቶማስ ኤዲሰን በ1877 «ሀሎ» ይባል ብሎ ጻፈና የርሱ ቃል ጸናች። ሁለቱም ግዕዝ አልተማሩም። ግዕዝ ለተማረ ሰው «ሀሎ» ማለት «አለ» ማለት ነው፤ ተቃራኒውም «አልቦ» ነው፥ ይኸውም «የለም» ማለት ነው። እንግዴህ አንድ ጸሐፊ ስልክ አንሥቶ «ሀሎ» ሲል፥ ሳያውቀው «አለ» ብሎ መስክሯል። ወዲያውም ሹሙ በእጃቸው ምልክት ሲሰጡት «የሉም» ይላል። ባንድ ትንፋሽ ሁለት ምስክርነት! እንዲህ ያለ ምስክር በችሎት ፊት ቢቆም ቃሉን የሚቀበለው ዳኛ ባልተገኘ ነበር።

በልጅነታችን ከቄስ ትምህርት ቤት ቀጥለን በሚስዮን ትምህርት ቤት ስንማር፥ ከስዊድን አገር የመጡ አንድ መምህር ስልክ ባነሡ ቍጥር አስቀድመው የገዛ ስማቸውን ይናገሩ ነበር። ሰው ሳይጠየቅ ስሙን መጥራቱ ትዕቢት መስሎን እኛ ልጆች እንሥቅባቸው ነበር። ኋላ ግን ያገራቸው ደንብ መሆኑን ተረዳን። በኛ ዘንድ ደዋዩም ስሙን ይሰውራል፥ ተቀባዩም ይሰውራል። ደዋዩ «ማን ልበል?» ይላል፤ ተቀባዩም «ማንን ፈልገው ነው?» ይላል፤ «አስቀድመህ አንተ ማን እንደ ሆንህ ንገረኝ»፥ «የደወሉት እርስዎ ነዎት» እየተባለ ይቀጥላል። ከሳሽና ተከሳሹ ሳይታወቅ የሚዠመር ሙግት ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። «ማን ልበል?» የምትለው ቃል ግን በጆሯችን ትጥመናለች፤ ስናስባት የእልፍኝ አስከልካይ ቃል ትመስለናለች፥ ከደጅ የቆመውን እንግዳ ስም ይዞ ወደ ውስጥ ለመግባት የምትነገር። እልፍኙም አስከልካዩም ቀርተው ቃላቸው በስልክ ውስጥ ኖረች።

ከዚህም የሚከብደው የአክብሮቱ ነገር ነው። ቋንቋችን ሰውን ሳያዩ ለመናገር የተሠራ አይደለም። «ና» ወይም «ነዪ» ወይም «ይምጡ» ለማለት፥ አስቀድሞ ዕድሜውንና ማዕረጉን፥ ወንድ ወይም ሴት መሆኑንም ማየት ያስፈልጋል። አንድ የሥራ ባልደረባችን፥ ድምፃቸው ጐርነን ያለ አንዲት ዳኛ ከሌላ ችሎት ቢደውሉ፥ «ጌታዬ» እያለ ሩብ ሰዓት ያህል አነጋገራቸው። እርሳቸውም ታግሠው እስከ መጨረሻ ሰሙትና «ሰላምታህን ለባለቤቴ አደርስልሃለሁ፤ ጌታዬ ያልኸው እርሱን ሳይሆን አይቀርም» አሉት።

እኛ ከዚህ ለመዳን ለሁሉ «እርስዎ» ማለትን መረጥን፤ «እርስዎ» ወንድና ሴት አይለይምና መጠለያ ነው። የመጠለያው ጣራ ግን አልፎ አልፎ ያፈሳል። አንድ ቀን ወደ አንድ ባለጉዳይ ቤት ደውለን ስልኩን ሕፃን ልጅ አነሣው። «አባትዎ አሉ?» ብንለው በሣቅ ወደቀና «እማዬ፥ አንቱ የሚለኝ ሰውዬ መጣ!» ብሎ ጮኸ። አመሉም እስከ ቤታችን ተከተለን፤ ማታ ትንሿን ልጃችንን «እባክዎ ውሃ ያምጡልን» ብንላት፥ ዓይኗ እንባ ሞልቶ «አባዬ፥ ምን አጠፋሁ?» አለችን።

በመዝገብ ቤቱ ከኛ ጋራ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ አሉ። ሹም በስልክ ሲጠሯቸው ከወንበራቸው ይነሣሉ፤ የኮታቸውን ቍልፍ እስከ አንገታቸው ይቈልፋሉ፤ «እሺ ጌታዬ» ባሉ ቍጥርም ከወገባቸው ዝቅ ብለው እጅ ይነሣሉ። የስልኩ ሽቦ አጭር ነውና አንድ ቀን ዝቅ ሲሉ መሣሪያው ተከትሏቸው ከጠረጴዛው ወረደ። እርሳቸውም እንዳጐነበሱ ከመሬት አንሥተው፥ አቧራውን በመሐረብ ጠርገው «ይቅር ይበሉኝ ጌታዬ፥ ወደቁብኝ» አሉ። ወጣቶቹ ጸሐፊዎች ወደ ውጭ ወጥተው ሣቁ፤ እኛ አልሣቅንም ብንል ግን ውሸት ይሆናል። ሆኖም አንድ ነገር አስተውለናል። ለማያያቸው ሰው እንዲህ የሚሰግዱት ሽማግሌ፥ የማያዩትን ድኻ ባላገር በስልክ ሲያመናጭቁ አንድ ቀን ስንኳ ሰምተን አናውቅም። ወጣቶቹ ግን ፊት ለፊት ቢያገኙት ከወንበራቸው የሚነሡለትን ሽማግሌ፥ በስልክ ሲሆን «ነገ ደውል» ብለው ይዘጉበታል።

ባላገሩም በበኩሉ ሰላምታውን ሳይፈጽም ወደ ጉዳዩ አይገባም። አንዲት እናት ቀጠሯቸውን ለመጠየቅ ከሩቅ ወረዳ ደውለው፥ የኛን ደኅንነት፥ የልጆቻችንን፥ የዳኞቹን፥ የከተማውን ዝናም ጠይቀው ወደ መዝገቡ ቍጥር ሲደርሱ የስልካቸው ሒሳብ አለቀ። ሁለት ጊዜ እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው እኛው ደወልንላቸው፤ እርሳቸውም አሁን እንግዳው እኛ ሆነናልና ይገባናል ብለው ሰላምታውን ካንድ ዠመሩ።

ዛሬ መዝገብ የሚፈለገው በኮምፒዩተር ነው። ኮምፒዩተርም እንደ ደብተራ ፊደል ይለያል፤ ንጉሡን «ሠ» እና እሳቱን «ሰ» አንድ አድርጎ አይቈጥርም፥ ሀሌታውን «ሀ»፥ ሐመሩን «ሐ» እና ብዙኃኑን «ኀ» እንዲሁ። ስለዚህ በስልክ ስም ስንቀበል ፊደሉን በቄስ ትምህርት ቤት ስሙ እንጠይቃለን። ይህም ለተማረ ይጠቅማል፥ ላልተማረ ያስደነግጣል። አንድ ጠበቃ የደንበኛቸውን ስም ሲያስመዘግቡ «እሳቱ ነው ወይስ ንጉሡ?» ብንላቸው፥ «እሳት? የት ተነሣ? መዝገቤ ተቃጠለ እንዴ?» ብለው ጮኹ፤ ለማረጋጋት ብዙ ደከምን። እንዲህ ያለው ልማድ ግን የኛ ጠረጴዛ ብቻ ነበረ፤ በመዝገብ ቤቱ ሹም ክፍል ያለውን ስልክ የሚያነሣ ሁሉ ስምን እንደ ሰማው ይጽፍ ነበር።

ከዚያም አንድ ባለጉዳይ መጣ፥ ወይም በትክክል ለመናገር፥ ደወለ። የአባቱን ቤት በውርስ ክርክር ተረትቶ ይግባኝ ሊል የፍርዱን ግልባጭ ይፈልጋል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ለይግባኝ የሚሰጠው 60 ቀን ነው፤ ከዚያም ከ50 የሚበልጠው አልፏል። በደወለ ቍጥር ስሙ በኮምፒዩተር ይፈለጋል፥ «መዝገቡ የለም» ይባላል። በኋላም ሹሙ ደከማቸውና «የሉም በለው» ማለት ዠመሩ።

በዚያ ሰሞን በሹሙ ክፍል ስልክ የሚያነሣው አዲስ የተቀጠረ ተላላኪ ነበረ፤ ዲያቆን ነው። ሹሙ «የለሁም» ብለው እጃቸውን ሲያወዛውዙ፥ ዲያቆኑ የስልኩን አፍ በመዳፉ ከድኖ፥ በሌላው እጁ በሩን ወለል አድርጎ ይከፍትና ዝም ብሎ ያያቸዋል። ሹሙም ነገሩ ይገባቸውና እየሣቁ ከደፉ ወዲያ ይወጣሉ። ያን ጊዜ ዲያቆኑ «ከክፍሉ ወጥተዋል» ብሎ በንጹሕ ልብ ይመልሳል። ሰውየውም ምንም የሚለው አጥቶ ስልኩን ይዘጋል። እንዲህ ሲሆን ሰነበተ።

አንድ ቀን ስልኩ ጮኸ፤ ሹሙ እንደ ልማዳቸው እየሣቁ ወጡ፤ ዲያቆኑም «ከክፍሉ ወጥተዋል» አለ። «አዎን፥ ሲወጡ እያየኋቸው ነው» የሚል ድምፅ ባንድ ጆሮው ከስልኩ፥ በሌላው ጆሮው ከደጅ መጣ። ባለጉዳዩ የእጅ ስልኩን እንደ ያዘ በመተላለፊያው ላይ ቆሞ ነበር። ሹሙ ፊታቸው እንደ ፍም ቀላ፤ ደግ ሰው ናቸውና ግን አልተቈጡም። ሁለቱ አንድ ጊዜ ተያዩና «ግባ» አሉት።

መታወቂያ ወረቀቱን ተቀብለን ብናየው ስሙ የሚዠምረው በንጉሡ «ሠ» ነው፤ በስልክ የተቀበሉት ሁሉ ግን በእሳቱ «ሰ» ይፈልጉት ኖረዋል። ፊደሉን ለውጠን ጻፍነው፤ መዝገቡ ወዲያው ወጣ። ከስልሳው ቀን የቀረው 4 ቀን ነበር። ሹሙ ግልባጩ በዚያው ሰዓት ታትሞ ማኅተም እንዲመታበት አዘዙ፤ ዲያቆኑም ወረቀቱን ይዞ ሮጠ።

የሰውየው የእጅ ስልክ ሒሳብ አልቆ ነበርና፥ ወደ ቤቱ ለመደወል የጠረጴዛውን ስልክ ለመነን፤ ሰጠነው። ስልኩ እንደ ተነሣለት እጁ እየተንቀጠቀጠ «ሀሎ! አለ! አለ! መዝገቡ አለ!» ብሎ ጮኸ። ከወዲያ ዝምታ ሆነ፤ ቀጥሎም የሚስቱ ድምፅ ቀስ ብሎ «ማን ልበል?» ሲል ሁላችንም ሰማን።